ካርታው የማይቆጥረው ሰዓት

ከትንንሽ ልጆች ጋር ረጅም መንገድ በመኪና መጓዝን «ቤተሰብን የሚያቀራርብ ዕረፍት» እያሉ የሚያወድሱ ሰዎች ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያውቁ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የስልኩ ካርታ የሽንቱን፣ የዳይፐሩንና የወንድማማቾቹን ክስ ጊዜ ስለማያሰላ፣ በቀን እንደርሳለን ብለን የወጣንበት መንገድ ላይ ይመሽብናል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ስልክ ስጧቸው፣ ዝም ይላሉ» የሚለው ምክር ነው። የጉዞ ሕመም በተለይ ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚበረታ ሲሆን፣ የሚመጣውም የውስጠኛው ጆሮ የመኪናውን እንቅስቃሴ እየተረዳ ዓይን በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ሲተከል፣ አንጎል የሁለቱን መልእክት ማስታረቅ ስለሚያቅተው ነው፤ በመሆኑም ያ በስልክ የተገዛ ጸጥታ ብዙ ጊዜ በትውከት ይጠናቀቃል፣ ወንበሩን የሚያጥበውም መካሪው አይደለም። ሕፃን ካለ ደግሞ በደኅንነት ወንበሩ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ በተከታታይ እንዳይቆይ ስለሚመከር፣ በስንት እሹሩሩ ገና አሁን እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ (ያደረገው ያውቀዋል) አንስቶ ማውጣት ግድ ይሆናል። ከዚያ ለቅሶው እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ታላቁም «ደረስን?» ይላል። ደግሞ መመለሻውም በዚሁ መንገድ ነው።