አዲሱ ሰፈር መጣ፣ ግብሩም መጣ

በቅርቡ ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት ዘ ቪሌጅስ፣ ያ የጡረተኞች ከተማ፣ መስፋፋቱ ለነዋሪው ሁሉ በረከት ነው ብለዋል። ለሁሉም? እኔንጃ። እዚያ አንዲት የ84 ዓመት እናት እንከባከባለሁ። እማማ ነው የምላቸው። ቤታቸው በድሮው ሰፈር፣ ስፓኒሽ ስፕሪንግስ አደባባይ አጠገብ ነው። ማታ ማታ በጎልፍ ካርት፣ በትንሿ የባትሪ መኪናቸው፣ ወጥተው ሙዚቃ ሰምተው ይመለሳሉ። ካርቷ ላይ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ለጥፈዋል። ዓለማቸው ያቺ ናት።

በፈረንጆቹ ከ2010 እስከ 2020 አካባቢው በ39 በመቶ አድጎ ሕዝቡ 130,000 ገደማ ደረሰ። ታዲያ የዕድገቱን ወጪ ማን ይክፈል? በ2019 አብዛኛው ከተማ የሚገኝበት የሰምተር ካውንቲ (የወረዳ አስተዳደር) ኮሚሽነሮች የንብረት ግብር ተመኑን በ25 በመቶ ሰቀሉት። ቤት ሠሪው ኩባንያ ለመንገድ የሚከፍለው ክፍያ ግን ዝቅተኛ ነው ብሎ ነዋሪው ደሙ ፈላ። በ2020 ምርጫ ሦስት ኮሚሽነሮች ወንበራቸውን አጡ። ጡረተኛው ጎልፍ ብቻ የሚጫወት መስሏቸው ነበር!

ስለ ሠራተኛው ደግሞ ጽሑፉ ዝም ብሏል። ቤቶቹ በአብዛኛው 55 ዓመት ለሞላው ናቸው። ስለዚህ እኔ ከኦርላንዶ ከተማ ለሥራ አንድ ሰዓት ከምናምን እነዳለሁ። ሰዉ በበዛ ቁጥር የእማማ የሐኪም ቀጠሮም እየራቀ ነው፤ ባለፈው ለሁለት ወር ገፉባቸው።

በደቡብ በኩል ስለተሠራው አዲሱ አደባባይ ስነግራቸው ሳቁ። «ቆንጆ ነው አሉ፤ ግን የካርቴ ባትሪ ደርሶ አይመልሰኝም» አሉኝ።