ክርክር፦ ምናባዊ ድራማ ተመልካቹን የሚይዘው በሕጉ ነው ወይስ በምስልና በድምፁ?

የክርክሩ መነሻ፦ በባሕር ዳርና በዘጌ መካከል የሚቀረጽ፣ ባለ 8 ክፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል 45 ደቂቃ የሆነ ምናባዊ ድራማ ቢታሰብ ሰውን ከቴሌቪዥኑ ፊት የሚያስቀምጠው ምንድን ነው? አንደኛው ተከራካሪ የድርሰት ሰው ናቸው፤ ሁለተኛዋ የካሜራና የድምፅ ባለሙያ ናት። ለመከራከሪያ የተስማሙበት ታሪክ አጭር ነው፦ ጣና ውስጥ የሚኖር ስም የሌለው ነገር ሕፃናትን ይጠራል፤ አንዲት እናት ልጇን በክታብ ታስጠብቃለች።

ከድርሰት በኩል

ምናባዊ ድራማን የሚገድለው አስማቱ ዋጋ የማይከፈልበት ሲሆን ነው፤ የበጀት ማነስ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ባለታሪኳ እጇን አንሥታ ማዕበሉን ካቆመችና ምንም ካላጣች፣ በሚቀጥለው ክፍል ልጇ ሲታመም ተመልካቹ «ታዲያ ለምን እጇን አታነሣም?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይሰጋላትም። የማይሰጋ ሰው ደግሞ ሳምንት ጠብቆ አይመለስም።

ስለዚህ ከታሪኩ በፊት ሕጉ ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ኃይሉ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም፣ ዋጋውን ማን ይከፍላል፣ ሲጣስ ምን ይመጣል። ሕጉን ከባሕር ማዶ መበደርም አያስፈልግም። የጠልሰም ክታብ በብራና ላይ ይጻፋል፤ በልማዱ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እኩል ይደረጋል፣ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው። ይህን ይዘን አንድ እርምጃ ብቻ እንጨምር። ክታቡ የተጻፈው ለልጅ ነው። ልጅ ያድጋል፣ ክታብ አያድግም። በክፍል 1 ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በክፍል 5 ልጁ በሁለት ጣት በልጧል። ሐይቁ የሚገባው በዚያ ሁለት ጣት ነው።

እናትየዋ ሌላ ክታብ ታጽፍለት? ሕጋችን ይከለክላል፤ ደብተራው ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይጽፍም እንበል። ታዲያ ምን ቀራት? ልጇ እንዳያድግ ምግቡን ትቀንስበት? ይህ ትዕይንት የሚፈልገው አንድ ምድጃ፣ አንድ ሰሃን ገንፎና ሁለት ተዋንያን ነው፤ ዘንዶ አይፈልግም። ሰው ግን እሑድ ያየውን እስከ ሐሙስ ይከራከርበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅብ ስለሚሆን ሰው የሚነገረውን ተረት የሚመርጡ ደራስያን አይጠፉም፤ ሕጉ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቃቸው ያጓጓቸዋል። «ቡዳ» የሚለው ስም ግን በአንጥረኛና በሸክላ ሠሪ ላይ ለዘመናት የተወረወረ ስድብ ነው። ድራማው ሲያልቅ ስድቡ ሰፈር ውስጥ ይቀራል። እኔ አልነካውም።

ማስረጃ ከተፈለገ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው የአሜሪካ ምናባዊ ድራማ አለ። የመጀመሪያው የሙከራ ክፍል በ2009 እ.ኤ.አ. ተቀርጾ አዘጋጆቹ ለወዳጆቻቸው ሲያሳዩት፣ ሁለቱ ባለታሪኮች ወንድምና እህት መሆናቸውን ተመልካቾቹ ሳይረዱ ቀሩ። የመጨረሻው ድንጋጤ ሁሉ የቆመው በዚያ ዝምድና ላይ ነው። አብዛኛው እንደ ገና ተቀርጾ በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ። ልብሱም ግንቡም ፈረሱም ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከካሜራ በኩል

ጋሼ፣ ክታቡን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን «ሁለት ጣት» ብለው ጽፈው ብዕርዎን አስቀመጡ፤ የማሳየቱ ዕዳ ለእኛ ቀረ። እናስላው። ሁለት ጣት ቢበዛ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። 120 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ልጅ ቆሞ የስክሪኑን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ቢይዝ፣ ያቺ ልዩነት ከስክሪኑ 2 በመቶ ያህል ብቻ ትይዛለች። በስልኩ ለሚያይ ሰው የለችም ማለት ነው። ስለዚህ ልጁ ይተኛ፣ ክታቡ አጠገቡ ይዘርጋ፣ ካሜራው ከግንባሩ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ እግሩ ይውረድ። ብራናው ያልቃል፤ ተረከዙ ከብራናው ውጭ ይቀራል። 12 ሰከንድ፣ ያለ ንግግር፣ ያለ ሙዚቃ። ይህ ሾት ከሌለ ሕግዎ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት ነው።

ክታቡስ ከምን ይሠራ? በሻይ የተነከረ ወረቀት ከሩቅ ብራና ይመስላል፤ ካሜራ ሲጠጋው ይጋለጣል። እውነተኛ ብራና የጠጉሩ ቀዳዳ ይታይበታል፣ ከጀርባ ብርሃን ሲመታው ያሳልፋል፣ ሲዘረጋም ድምፅ አለው። የፍየል ብራና እናሠራ ካልን ደግሞ እርጥበት ሲነካው ይጠቀለላል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቁመቱ ራሱ ታሪክ በሆነበት ድራማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢያንስ 3 ቅጂ ያስፈልጋል፦ ለቅርብ ሾት አንድ፣ ውሃ ለሚነካው አንድ፣ አንድ መጠባበቂያ።

ዋናው ችግር ልጁ ነው። ቀረጻ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል አይከተልም፤ የዘጌው ሁሉ በአንድ ወቅት፣ የቤት ውስጡ ሁሉ በሌላ ወቅት ይጠቃለላል። ሥራው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከተጎተተ ልጁ በእውነት ያድጋል፤ በክፍል 2 ረዝሞ በክፍል 6 አጥሮ ይታያል። መድኃኒቱ በየቀረጻው ማለዳ ልጁን ለክቶ፣ ለዚያ ክፍል የሚያስፈልገውን የክታብ ርዝመት ከእሱ ቁመት ላይ ማስላትና በዚያው ልክ መቁረጥ ነው። ይህን የሚይዝ አንድ ሰው ካልተመደበ የድርሰቱ ሕግ በድርሰቱ ሳይሆን በመስፈሪያው ይፈርሳል።

አሁን ወደ ጆሮ ልምጣ፤ ማመን የሚጀምረው እዚያ ነውና። «ዶክተር ሁ» የተባለው የእንግሊዝ ድራማ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በዘመናት መካከል የምትጓዘዋን ታዋቂ ሣጥን የመነሻ ድምፅ የሠሩት የቤት ቁልፍ በፒያኖ ሽቦ ላይ በመጎተት ነው። አንድ ቁልፍ! ዛሬም ድረስ ድምፁን የሰማ ተመልካች ሣጥኗን ሳያይ ያውቃታል። እኛም የብረት ክር ያለው ክራር አለን። በገናን ግን እንተወው፤ የጸሎት መሣሪያ ነው፣ ቁልፍ አይጎተትበትም።

ለሐይቁ ነገር የጣና ጉማሬ ይበቃል። የሌሊት ማጉረምረሙ ተቀድቶ በግማሽ ፍጥነት ሲለቀቅ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ (ንዝረቱ በግማሽ) ይወርዳል፣ ርዝመቱም እጥፍ ይሆናል። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በስቱዲዮው ትልቅ ስፒከር ደረት የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ በስልክና በቀጭን ቴሌቪዥን ላይ ይጠፋል፤ ትንንሽ ስፒከሮች ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እምብዛም አያወጡም። ስለዚህ ከላዩ ከፍ ያለ ድምፅ ይደረብበታል፤ ለምሳሌ ታንኳ የሚሠራበት ደረቅ ደንገል ሲሰነጠቅ የሚያሰማው። ያ ካልተደረገ ሐይቁ ሲጣራ ከተመልካቹ ግማሹ ምንም አይሰማም።

ከድርሰት በኩል

እህቴ፣ ስለ ስፒከሩ አልከራከርሽም። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ወደየቤቱ ገብተዋል። የተዋናዩ ከንፈር አንድ ነገር ይላል፣ ጆሯችን ሌላ ይሰማል። አንቺ በምትዪው መመዘኛ ከመጀመሪያው ደቂቃ ማመን ማቆም ነበረብን። ቡና እየተፈላ ሰው ሲያይ የኖረው ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማን ምን እንደ ደበቀ ስለሚያውቅ ነው።

ምስሉ ብቻውን ምን እንደሚያተርፍ ደግሞ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ታይቷል። የዚያው የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ትልቁ የሌሊት ጦርነት 55 ሌሊት ተቀርጾ፣ ተመልካቹ «ጨለማ ሆነብን፣ ምንም አይታይም» አለ።

ከካሜራ በኩል

ይህ ምሳሌ ለእኔ ይመሰክራል ጋሼ። ታሪኩ ነበረ፣ ሕጉ ነበረ፣ ሰዉም ለዓመታት ጠብቆታል፤ ስላልታየ ግን ተበሳጨ። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ጥቁር ምስል በኢንተርኔትና በሳተላይት ሲላክ ይጨመቃል፤ መጭመቂያው መጀመሪያ የሚጥለው በጥቁር ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ልዩነት ነው። ስለዚህ ጨለማው ይሸነሸናል፣ ሰው ከግድግዳ አይለይም። ያ ምስል በባለሙያ ሞኒተርና በጨለመ ክፍል ውስጥ ያምራል፤ መስኮቱ በተከፈተ ሳሎን ውስጥ ግን ይሞታል። ለእኛ ድራማ የምለው ይህ ነው፦ የሌሊት ትዕይንት ሁሉ ከመጽደቁ በፊት በርካሽ ስልክ፣ በቀን ብርሃን ይታይ።

የቃናው ነገርም ድምፅ ነው። ከንፈሩ ባይገጥምም፣ እናትየዋ ስትቆጣ በአማርኛ የምትቆጣ እናት ድምፅ ይሰማል። ያንኑ ድርሰት በጽሑፍ ብቻ ከስር ቢያስነብቡት ቡና የምታፈላው ሴት ዓይኗ ከጀበናው ላይ ስለሆነ አንድም አያልፋትም ነበር።

ጣናን ራሱን ደግሞ እንዴት እንደምናየው ያስቡ። ከባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ ቆሞ ሐይቁን የሚቀርጽ ካሜራ ወደ ሰሜን ይመለከታል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ብርሃኑ ከጀርባው ይመጣል፤ ውሃው ጠፍጣፋ ሰማያዊ ይሆናል፣ የፖስታ ካርድ። እዚያ ውሃ ውስጥ ምንም ነገር ይኖራል ብሎ የሚፈራ ሰው የለም። በዘጌ ምሥራቃዊ ዳርቻ ማለዳ ቢቆም ግን ፀሐይ ከውሃው ላይ ፊት ለፊት ትወጣለች፤ ታንኳው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናል፣ ከካሜራው ጀርባ ደግሞ የቡናው ደን ጥላ ነው። ያ ብርሃን ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ቢቆይ ነው። ከረፋድ በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ውሃው ይሰባበራል፣ ማይኩም ከነፋስ ሌላ አይሰማም።

የሚዋኘውን ነገር በኮምፒውተር መሥራት አያስፈልግም። በድንጋይ የከበደ ጆንያ ከውሃው በታች ይስመጥ፣ በ30 ሜትር ገመድ ይጎተት። የሚጎትቱት ከዳር የቆሙ አራት ሰዎች ይሁኑ፤ ሞተር ጀልባ ከጎተተው የራሱ ማዕበል ፍሬም ውስጥ ይገባል። በሰከንድ 50 ፍሬም ተቀርጾ በ25 ሲታይ ሞገዱ ክብደት ያገኛል። 100 ብናደርገው ጠብታው አየር ላይ ይንሳፈፍና የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ይሆናል።

ታንኳም ሁለት ይሁን። ደንገል ውሃ ይመጥጣል፤ ማለዳ ከፍ ብሎ የተንሳፈፈው ቀትር ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል። አንዱ ሲቀረጽ ሌላው ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ታሪኩ ጥንት ነው ካልን ደግሞ እምቦጭ ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ። ጣናን የወረረው በቅርብ ዓመታት መሆኑን የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ አንዲት ቅጠል ካየ ስለ ልጁና ስለ ክታቡ ማሰቡን ትቶ ስለ እምቦጭ ዘመቻ ያወራል።

(በጣናው ደሴት ገዳም በክብራን ገብርኤል የሚቀረጽ ትዕይንት ከጻፉ ካሜራውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ሴት አትገባም።)

ያለ ቃል የሚሠራ ድራማም አለ። ጭራቆችን ስለምትወጋ ልጃገረድ የሚተርከው የአሜሪካው «ባፊ» ድራማ አንድ ክፍል በታኅሣሥ 1999 እ.ኤ.አ. ተላልፏል፤ የከተማው ሰው ሁሉ ድምፁ ይሰረቃል፣ ከክፍሉም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ያለ ንግግር ይሄዳል። ከዚያ ተከታታይ በብዛት ከሚነሡት ክፍሎች አንዱ እሱ ነው።

ከድርሰት በኩል

ያ ክፍል ለኤሚ፣ ለአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት፣ የታጨው በምን ዘርፍ እንደ ሆነ ሳትነግሪን አለፍሽ፦ በድርሰት! ዝምታውን የወለደው ሕግ ነው። ሕጉም በአንድ መስመር ያልቃል፤ ድምፅ ተሰርቋል፣ የሰረቁትን ጭራቆች የሚገድለው ደግሞ የሰው ጩኸት ነው። ተመልካቹ ይህን ስላወቀ ዝምታው አስጨነቀው። ሕጉን ባያውቅ ኖሮ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎት ሪሞቱን ይፈልግ ነበር።

አሁን ካሜራ የማያድነውን ልንገርሽ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የመጨረሻው ምዕራፍ 6 ክፍል ብቻ ነበር። ገንዘቡም ባለሙያውም ከፊተኞቹ አላነሰም። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ግን «እንደ ገና ይሠራልን» ብሎ በኢንተርኔት ፈረመ። የተቆጣው በምስሉ አልነበረም። ሰዎቹ በብዙ ክፍል ቀስ እያሉ የገነቡትን ጠባይ በሁለት ክፍል ውስጥ አፈረሱት፤ ምክንያቱ አልተዘራም፣ ውጤቱ ብቻ ታጨደ። በእኛ ድራማ እናትየዋ በክፍል 7 ልጇን ለሐይቁ አሳልፋ ልትሰጥ ብትነሣ፣ በክፍል 2 አንድ ነገር፣ በክፍል 4 ሌላ ነገር ስትነፍገው መታየት አለባት። የምትከፍለው ዋጋም እንዲሁ። በክፍል 8 ሰማይ ተከፍቶ መልአክ ቢያድነው ቤተ ክርስቲያን ያስደስት ይሆናል፤ ድራማው ግን ከክፍል 1 ጀምሮ ውሸት ነበር ማለት ነው።

ከካሜራ በኩል

በዚህ አልከራከርም። የምፈራው የድርሰት ሰዎች ሕጉን የሚያስተዋውቁበትን መንገድ ነው። አንድ ሽማግሌ እሳት ዳር ተቀምጦ «ከጥንት ጀምሮ…» ብሎ 4 ደቂቃ ይተርካል፤ ሰባት ስም፣ ሦስት ነገሥታት፣ ሁለት እርግማን። በ3ኛው ደቂቃ ሰው ስልኩን አንሥቷል። በመጀመሪያው ክፍል ተመልካች ከአምስት በላይ ስም አይይዝም፤ ሕጉንም የሚይዘው ሲነገረው ሳይሆን ሲጣስ ሲያይ ነው። የእኔ አከፋፈት፦ ዘጌ፣ ማለዳ፣ ባዶ ታንኳ። በውስጡ ተረከዙ የተቆረጠ የልጅ ጫማና የተጠቀለለ ክታብ። 90 ሰከንድ። ከዚያ ርዕሱ።

ከድርሰት በኩል

ጫማው ይውጣ። ታሪኩ ጥንት ነው ብለሽ እምቦጩን አስወጥተሽ የገጠር ልጅ ጫማ ታለብሺዋለሽ? ክታቡ ይበቃል። 90ውን ሰከንድ ውሰጂ። በገጽ 3 ላይ ግን የእኛ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ፣ እናቱ ክታቡን ከራሱ እስከ እግሩ ትለካዋለች፤ እኩል መሆኑን ተመልካቹ ይይ። ያ ካልታየ የክፍል 5 ተረከዝሽ ማንንም አያስደነግጥም።

ከካሜራ በኩል

ገጽ 3 ለእኔ ሦስተኛው ደቂቃ ነው፤ ይስማማኛል። ግን ቆሞ አይለካ። ቆሞ ከተለካ በክፍል 5 ተኝቶ ሲታይ ተመልካቹ ሁለቱን ሾት አያገናኛቸውም። እዚያም እዚህም ተኝቶ፣ በዚያው ሌንስ፣ ከዚያው ከፍታ፣ ካሜራው በዚያው ፍጥነት እየወረደ ይቀረጽ። ልዩነቱ ተረከዙ ብቻ ይሁን። እና ጋሼ፣ እናትየዋ በዚያ ትዕይንት ላይ አንድም ቃል አትናገር።

ከድርሰት በኩል

አንድ ቃል ትናገራለች። «አትደግ» ትለዋለች፣ እየሳቀች።