በነጭ ክር የተሰፋው ሰንደቅ ዓላማ

ሰሞኑን ጉዳይ ላስፈጽም ወደ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ተራዬ እስኪደርስ ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳለ ዓይኔ ሰንደቁ ላይ ዐረፈ። አረንጓዴው ገርጥቶ አመድ መስሏል። ቀዩን ፀሐይ መጥጦት ወደ ሮዝ ሄዷል። ነፋስ የሚመታው ጫፉ ተተልትሎ ገመዱ ላይ ተጠምጥሟል። ወደ ጥበቃው ጠጋ ብዬ፣ “አባባ፣ ይህ ለምን አይቀየርም?” አልኳቸው። “ልጄ፣ ለንብረት ክፍል ሦስት ጊዜ ተናግሬአለሁ። ክረምት ላይ ሲቀደድ አውርጄ የሰፋሁት እኔ ነኝ” አሉኝ። ነፋሱ ጨርቁን ገለጥ ሲያደርገው እውነትም ጠርዙ ላይ የነጭ ክር ስፌት ታየኝ። ሌላ ክር አላገኙም።

ስለ ሰንደቅ ዓላማ ሕግ ስናወራ ነገሩ ሁሉ ዓርማው ላይ ይቆማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ሦስቱ ቀለማት እኩል ሆነው በአግድም እንዲቀመጡና መሐላቸው ላይ ዓርማ እንዲኖር ደንግጓል። የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ደግሞ ዓርማ የሌለውን መጠቀም ከልክሏል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ልሙጡን ሲያከብር የኖረ ብዙ ሰው ግን አሁንም ልቡ እዚያው ነው። በጥምቀትና በዓድዋ በዓላት ላይ በዚሁ ምክንያት ወጣቶችና ፖሊስ ሲጋጩ አይተናል። አያቱ የያዙትን ባንዲራ የያዘ ልጅ ሲደበደብ ማየት ያማል። ሕጉ ይከበር የሚሉትን ወገኖች ሐሳብ እረዳለሁ፤ ነገር ግን ዱላ የማንንም ፍቅር አይቀይርም። ጉዳዩ ሕዝብ በግልጽ መክሮ የሚወስነው ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላው ነው። መሥሪያ ቤቶች ሰንደቅ ዓላማ እንዲሰቅሉ ያዘዘው ያው አዋጅ ነው። ስቀሉ ሲል እስኪበጣጠስ ተዉት ማለቱ አይደለም። በመንገድ ላይ የልጅ ቲሸርት የሚፈተሽ ከሆነ፣ በመንግሥት ግቢ ውስጥ ያለቀ ጨርቅ ሲውለበለብ የሚጠየቅ ኃላፊ መኖር አለበት። በጥቅምት የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲከበር ሠራተኛው ተሰልፎ አዲስ ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ጥቅምት ፀሐዩንም ዝናቡንም ያው ጨርቅ ይችለዋል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየር የሚጠይቀው ገንዘብ ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው የሻይ ወጪ አይበልጥም።

የሐዘን ጊዜም እንዲሁ ነው። ዝቅ ተደርጎ የሚውለበለብ ሰንደቅ ዓላማ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ወጥቶ ነው ወደ ግማሽ የሚወርደው፤ ገመዱን ከመሐል አስሮ መሄድ የተለመደ ሆኗል።

ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን፣ ድሮ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀልና ሲወርድ መንገደኛው ባለበት ቀጥ ይል ነበር፤ ሸክም የያዘውም ሸክሙን አውርዶ ይቆማል። በፍርሃት የቆመ እንደነበረ አልክድም። ከልቡ የሚቆም ግን ብዙ ነበር፤ እኔም ከእነዚያ መካከል አንዳንዶቹን አውቃለሁ።

ጉዳዬ ሲያልቅ መሽቶ ነበር። ሠራተኞቹ እየተንጠባጠቡ ሲወጡ ሽማግሌው ጥበቃ ኮፍያቸውን አውልቀው ገመዱን ፈቱ። ቀስ እያሉ አወረዱት፤ መሬት እንዳይነካ በግራ ክንዳቸው ተቀበሉት። አቧራውን አራገፉና የሰፉት ጠርዝ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርገው አጠፉት።