ምጣዱስ የት ይቀመጣል?

ወገኖቼ፣ ቤት ልትሠሩ ነው? እንኳን ደስ አላችሁ። ግን ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ስሙኝ።

ቤት የምንሠራው ለአላፊ አግዳሚው ዓይን ሆኗል። ደጁ ያምራል፣ ሳሎኑ ይሰፋል፣ ኮርኒሱ ያብረቀርቃል። ውስጡ የሚኖረው ሰው እንዴት እንደሚያበስል፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ሲታመም የት እንደሚተኛ ግን ማንም አያስብለትም። ይህን የምለው ከራሴ ቤት ተነሥቼ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጂ ፕላስ ዋን ሠራን። ፕላኑ የጎረቤት ነበር፤ አይተን ወደድነው፣ ኮፒ አደረግነው። መኝታ ቤቶቹ በሙሉ ፎቅ ላይ ናቸው። ከታች ሳሎን፣ ኪችን፣ ደረጃው ሥር ደግሞ አንዲት ጠባብ ሽንት ቤት። በገባን በአምስተኛው ዓመት እማዬን ስትሮክ መታት። ከሆስፒታል በዊልቸር መጣች። ፎቅ መውጣት የማይታሰብ ነው፤ አልጋዋን ሳሎን አስገብተን በመጋረጃ ከለልነው። የሽንት ቤቱ በር 60 ሳንቲም ነው፤ ዊልቸሩ ከዚያ ይሰፋል። እህቴ በሩ ላይ እያቆመችው እማዬን አቅፋ ታስገባት ነበር። አንድ ጠዋት የእማዬ ክርን በበሩ ጠርዝ ተላጠ። ደሙ ነጠላዋ ላይ ሲወርድ እያየች አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ቤቱን የሠራነው ልጆቿ ስለሆንን ይመስለኛል ዝም ያለችው።

ከ20 እስከ 30 ሳንቲም ነበር የጎደለው። ብሎኬቱ ሲደረደር ያችን ታህል ማስፋት ምንም ወጪ አልነበረውም። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳው ደረጃውን የተሸከመ ስለሆነ አይነካም ተባልን። ስለዚህ እባካችሁ፣ ፎቅ የምትሠሩ ከሆነ ቢያንስ አንድ መኝታ ቤት ሻወር ካለው መታጠቢያ ጋር ከታች ይኑር። በሮቹ 90 ሳንቲም ይሁኑ። ሁላችንም ወላጅ አለን፤ ሁላችንም እናረጃለን። የተሰበረ እግር ይዞ የሚመጣ ልጅም አለ፣ አራስ የምትተኛበትም ክፍል ያስፈልጋል።

ወደ ማጀት ልውሰዳችሁ። በየሰፈሩ አዲስ ቤት ሲመረቅ የምናየው አንድ ነው። ኪችኑ በግራናይት ተነጥፏል፣ ካቢኔቱ ያምራል። እንጀራው የሚጋገረው ግን ከቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮ በተደገፈበት ጥግ ነው። እናቶቻችንና ሠራተኞቻችን በክረምት ዝናብ እየዘነበባቸው፣ ጭቃ ላይ ቆመው ይጋግራሉ። ለምን? ኪችኑ ሲታሰብ ምጣድ አልታሰበማ! የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው። ለተራ ሶኬት በተዘረጋ ሽቦ ላይ ምጣድ፣ ስቶቭና ቦይለር አብረው ሲሰኩ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ባስ ሲልም ቤት ይቃጠላል። ለምጣዱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ይህ የሚሠራው ግድግዳው ሳይለሰን ነው። እንፋሎቱ የሚወጣበት መስኮት፣ የሊጡ ባልዲ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሰፌዱ የሚሰቀልበት ግድግዳ ሁሉ ቀድሞ ይታሰብ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቤት ስንሠራ ግን እንረሳዋለን።

ውሃውንም እንዲሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ድረስ አይወጣም። መሬት ላይ ሌላ ታንከርና ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ቦታው ከአሁኑ ይያዝለት። ሮቶውንም ዝም ብሎ ጣራ ላይ መጫን አይቻልም። 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው። ሁለት ቶን የሚሸከመው ምን እንደሆነ መሐንዲሱን ጠይቁት። የዝናቡም ነገር አለ። 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 100 ሊትር ይሆናል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ አብዛኛው በክረምት። አሸንዳው ይህን ሁሉ ወዴት ነው የሚያፈሰው? የጎረቤት አጥር ሥር ከሆነ፣ ስንት ዓመት ቡና የተጠራራ ሰው በአንድ ክረምት ሲኮራረፍ አይቻለሁ።

ሴፕቲክ ታንኩን ከሰርቪሱ ጀርባ መቅበር ልማድ ሆኗል። ሲሞላ የመምጠጫው መኪና በር ላይ ይቆማል፣ የመምጠጫ ቱቦው አይደርስም። ክዳኑ ላይ ሴራሚክ የተነጠፈበት ግቢ አለ፤ የት እንደተቀበረ የሚያስታውስ ጠፍቶ ወለሉ ሲፈረካከስ ቆሜ አይቻለሁ። ለበሩ ቅርብ አድርጉት፣ ክዳኑ ይታይ። የጉድጓድ ውሃ ካላችሁ ደግሞ ታንኩን ከእሱ በተቻለ መጠን አርቁት።

መሬቱን ሳይመረምሩ መሠረት መቆፈር ከሁሉም የከፋ ነው። ከአቃቂ እስከ ሲኤምሲ ድረስ ጥቁር አፈር የበዛበት ብዙ ሰፈር አለ። ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። በሩ አልዘጋ ይላል፣ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ይተረተራል። እኛ ደግሞ ልስኑን እናድሳለን፣ ቀለም እንቀባለን፤ በሚቀጥለው ዓመት ስንጥቁ እዚያው ይመለሳል። መድኃኒቱ አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ ባለሙያዎች ሰሌክት በሚሉት፣ በማያብጥ የተመረጠ አፈር መተካት፣ ወይም መሠረቱን እንደ አፈሩ ጠባይ ማስላት ነው። ይህን የሚወስነው መሐንዲስ ነው፣ ግንበኛው አይደለም። በ2017 ዓ.ም ከፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ በሌሊት ከቤት የወጣን ሰዎች፣ ፌሮ መቆጠብ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬም ልንረሳው አይገባም።

ዱባይ፣ ጅዳ፣ ቤይሩት ሆናችሁ ቤት የምታሠሩ እህቶቼ፣ ለእናንተ የተለየ ቃል አለኝ። የሰው ቤት እየጠረጋችሁ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ነው። ፎቶ ብቻ አይታችሁ ብር አትላኩ። ፎቶ ላይ የሚያምረው የፊት ለፊቱ ነው። መሠረቱ ሳይሸፈን በቪዲዮ አሳዩኝ በሉ። ፌሮው ምን ያህል ነው፣ ሽቦው በየት ያልፋል ብላችሁ ጠይቁ። ከዘመድ ጋር መጠያየቅ ያሳፍራል አትበሉ፤ በኋላ ከሚመጣው መኳረፍ ይሻላል።

ባለፈው ጥቅምት ታናሽ ወንድሜ መሠረት ሊያስቆፍር ሲል አንድ ከረጢት ኖራ ገዛን። ፕላኑን እንዳለ መሬቱ ላይ ሣልነው፤ ክፍሉን በክፍል፣ በሩን በበር። አልጋውን በሜትር ለክተን በገመድ ከበብነው። ከዚያ እማዬን አመጣናት። ሁለት ሆነን ዊልቸሯን በሣሩ ላይ እየገፋን በነጩ መስመር መካከል አሳለፍናት። ሳሎኑን አለፈች፣ መኝታ ቤቱ ገባች፣ መታጠቢያው ጋ ስትደርስ አስቆመችን።

«እዚህ መዞር አልችልም» አለች።

ወንድሜ መስመሩን በጫማው አጠፋና ግማሽ ሜትር ወደ ሳሎኑ አስገባው። እማዬ አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥላ ወደ ኪችኑ እንድንገፋት በእጇ አመለከተች። መሐሉ ላይ አቆምናት፣ ዙሪያዋን ቃኘች።

«ምጣዱስ?» አለችው።

ፕላኑ ላይ አልነበረም። ወንድሜ ኖራውን አንሥቶ የት እንደምትፈልገው ጠየቃት።