ሰብሳቢው

የፖስት ካርድ ሰብሳቢ ሲባል ስብሰባ የሚመራ እንዳይመስላችሁ። ስብሰባ እንኳ አንድ ቀን ያልቃል። የዊትቢን አሮጌ ፖስት ካርድ መሰብሰብ ግን ማለቂያ የለውም።

ዊትቢ በእንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ያለች የዓሣ አጥማጆች ወደብ ናት፤ ገደሉ ላይ የፈረሰ ገዳም፣ ከታች ጀልባ፣ መሀል ላይ 199 ደረጃ። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ባሕር ሊያይ የሄደ ሁሉ የገዳሙን ካርድ ገዝቶ ለአክስቱ ላከ፤ አክስትም አልጣለችም። ስለዚህ ገዳሙ ዛሬ በየሻጩ ሣጥን ሞልቶ ተርፏል። የሚወደደው ለአክስት የማይላከው ነው፦ የጓሮ መንገድ፣ የሥጋ ቤት ደጃፍ፣ አደጋ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1914 ሮሂላ የተባለች የሆስፒታል መርከብ ከከተማዋ አጠገብ አለት ላይ ወጥታ ስትሰባበር የተነሡት ካርዶች ከገዳሙ ይበልጥ ይፈለጋሉ። ሰብሳቢ ጸጥ ያለ ባሕር አይወድም።

የካርዱን ዕድሜ ለማወቅ ጀርባውን ገልብጦ ማየት ነው። እንግሊዝ ጀርባው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለመልእክት እንዲውል የፈቀደችው በ1902 ነው። ከዚያ በፊት ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ስለነበር ሰላምታው ከፊት፣ ሰማዩ ላይ ይጻፍ ነበር። ግማሽ ፔኒ ቴምብር ብቻ ከተለጠፈበት በአብዛኛው ከጁን 1918 በፊት የተላከ ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋው ወደ አንድ ፔኒ ከፍ አለ። ማህተሙ ግን የተላከበትን ቀን እንጂ ፎቶው የተነሣበትን አይናገርም፤ ባለሱቅ ያልተሸጠለትን ካርድ ዓመታት ደርድሮ ያቆያል።

ቀጥሎ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር። ነጥብ ነጥብ ካለው የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፤ ከሌለው ‹የታጠበ ፎቶ ነው!› ተብሎ እልል ይባላል። ተረጋጉ። ኮሎታይፕ የሚባለው ኅትመትም እንዲህ ያለ ነጥብ የለውም። ካርዱን ብርሃን ላይ አዘንብሉት፤ ጥቁሩ ቦታ እንደ መስተዋት ካብረቀረቀ የፎቶው ብር ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የሚወጣው የእናንተ ብር ነው።

የተለመደው መጠን 140 በ89 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካነሰ ምናልባት አንዱ ለክፈፍ ብሎ በመቀስ ከርክሞት ይሆናል። ቴምብሩ ከሌለ የቴምብር ሰብሳቢ በእንፋሎት ነቅሎታል፤ የሁለቱ ሰብሳቢዎች ነገር የድንበር ሙግት ነው። የፒቪሲ ፕላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ማለስለሻው ኬሚካል ወጥቶ ፎቶው ላይ ይጣበቃል። የፖሊስተር ፕላስቲክ ይሻላል።

ሰብሳቢው ሲገዛ፣ የፈለጋትን አንዲት ካርድ ከማይፈልጋቸው አምስት ገዳሞች መሀል ሸጉጦ፣ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ፊቱን ጥሎ «ይሄ ሁሉ ስንት ነው?» ይላል። ሻጩ ፊቱን አያይም፤ ጣቱን ነው የሚያየው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ «ይቺ አለችህ አይደል?» ትለዋለች። የለችውም! የዚያኛዋ ማህተም 1905፣ የዚችኛዋ 1907 ነው። በዚያ ላይ አንድ ሰው የእንግዳ ማረፊያው መስኮት ላይ በቀለም መስቀል አድርጎ «የእኛ ክፍል ይህ ነው» ብሎባታል። ከዚያ ማጉያውን አንሥቶ፣ የማያውቃቸው ሰዎች በስንተኛው ፎቅ እንዳደሩ ሲቆጥር ያነጋል።