«አምባሰል» ብዬ ዋሸሁ

ጳጉሜን ላይ ነው። ደሴ ፒያሳ ቁልቁል ስወርድ ማይክ የያዘ ልጅ አስቆመኝ። ለእንቁጣጣሽ ፕሮግራም ነው አለኝ። «ጋሼ፣ ሲሰሙት ትዝታ የሚቀሰቅስብዎት ዘፈን የትኛው ነው?» ካሜራ የያዘችው ልጅ ጠጋ አለችኝ። እኔም ሳላስብ «አምባሰል ነዋ!» አልኩ። ልጁ ደስ አለው። መልካም አዲስ ዓመት ተመኝቶልኝ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ።

ዋሽቻለሁ።

አምባሰልን አልወድም ማለቴ አይደለም። ማሪቱ ለገሰ ስታንጎራጉር ሆዱ የማይባባ የወሎ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ግን እሱ ሌላ ነው። አምባሰል ስሰማ ተራራው ይመጣብኛል፣ አገሩ ይመጣብኛል፣ ኩራት ይመጣብኛል። የማውቀው ሰው ፊት ግን አይመጣም። የኔ ዘፈን የህንድ ዘፈን ነው። ርዕሱን አላውቀውም። ዘፋኟንም አላውቃትም። ከቃሉ አንዱም አይገባኝም።

አባቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሲንጀር መኪናው በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ አንድ ቴፕ ነበረችው። ዘመኑ 1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ካሴቶቹ ከስድስት አይበልጡም። ሁለቱ መንዙማ፣ ሦስቱ የአማርኛ ዘፈን ናቸው። ስድስተኛው የህንድ ነው። አንድ ደንበኛ ሱሪ አሳጥሮ ገንዘብ ሲያጥረው አስይዞት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። መብራት ሲጠፋ ቴፑ አራት ድንጋይ ይከተትለታል። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኟ ወንድ ትሆናለች። ያኔ አባቴ ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። ዶሮ እንዳይነካቸው የምጠብቅ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ቴፑ ካሴቱን በላው። አባቴ በዚያው በጨርቅ መቀሱ የተጨማደደውን ቆርጦ ጣለና ጫፍና ጫፉን በፕላስተር አገናኘው። ልብስ ሰፊ አይደል! ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ መሃል ላይ ይዘላል። ሴትዮዋ ድምጿን ከፍ፣ ከፍ አድርጋ ልትደርስ ስትል ድንገት ከበሮው ይመታል። እኔና እህቴ ቃሉን በራሳችን አማርኛ አድርገነው ነበር። «ጎመን አላት ማሚ፣ ጎመን አላት» እያልን እንዘፍነዋለን። አባቴ ካውያውን እርጥብ ጨርቅ ላይ አሳርፎ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ሆኖ ይስቅብናል።

ታዲያ ይኼን ለማይኩ ለምን አልተናገርኩም? አፈርኩ መሰለኝ። እኛ ጋ የሙዚቃ ነገር ሲነሳ ሁላችንም አስጎብኚ እንሆናለን። አራቱ ቅኝቶች ይቆጠራሉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ከተማ ናት። አምባሰል ከሐይቅ ወደ ሰሜን አለልህ። እውነት ነው፤ የሁለቱ ስም ከደጃችን ነው የተነሣው። መኩራታችንም አግባብ ነው። ችግሩ ኩራቱ ትዝታችንንም ሊመርጥልን መፈለጉ ነው። ቋንቋችንም ያሳስተናል። የሚታወሰውንም «ትዝታ» እንላለን፣ ቅኝቱንም «ትዝታ» እንላለን። ስለዚህ «ትዝታ የሚቀሰቅስብህ ምንድን ነው?» ሲባል እጃችን ክራር ፍለጋ ይሄዳል።

ሰው ቢመረመር ግን ሌላ ነገር ነው የሚገኘው። ፔትር ጃናታ የሚባል አሜሪካ ያለ ተመራማሪ በ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው ጥናት አለ። ተማሪዎች ልጅ ሳሉ ዝነኛ የነበሩ ዘፈኖችን በቅንጭብ እያሰማ አንጎላቸውን ተመለከተ። የግል ትዝታ የሚቀሰቅስ ዘፈን ሲመጣ ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሥራ ይበዛበታል። እኔን የገረመኝ ዘፈኖቹን ያገኘበት መንገድ ነው። በየዓመቱ በብዛት ይሰሙ ከነበሩ ዘፈኖች ዝርዝር ነው ያወጣቸው። መንገድ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ከሚጮኸው ማለት ነው። የሙዚቃ አዋቂ ተቀምጦ ምርጥ ናቸው ብሎ አልፈረደላቸውም።

ባለፈው ሐምሌ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ነበርኩ። የሐምሌን ደሴ ታውቁታላችሁ፤ ጭጋግ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ከደሴ ብርድ ተነሥተህ ኮምቦልቻ ሙቀት እስክትገባ ከ500 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። የሐረጎን ቁልቁለት ስትጀምር ጆሮህ ይደፈናል። ሹፌሩ በፍላሽ የጫነው የተደባለቀ ዘፈን ነበር፦ ጉራግኛ፣ ሬጌ፣ መንዙማ። ከዚያ፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ያ የህንድ ዘፈን መጣ።

ጆሮዬ ተደፍኖም አወቅኩት። የመጀመሪያው ከበሮ ሳያልቅ የካውያው ሽታ መጣ። እርጥብ ሱፍ፣ ከሰል፣ የማሽን ዘይት። የአባቴ አውራ ጣት ላይ ያለው የመርፌ ጠባሳ ሳይቀር ታየኝ። አባቴ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ጠባሳውን ረስቼው ነበር።

ሴትዮዋ ድምጿን ከፍ ማድረግ ጀመረች። አሁን ይዘላል ብዬ ጠበቅኩ። አልዘለለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰምቼው የማላውቀው መስመር ተዘፈነ። ደነገጥኩ። እውነቴን ነው፣ የሹፌሩ ቅጂ የተበላሸ መሰለኝ። ከኋላዬ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ሳትዘል፣ ሳትሳሳት አብራ ታንጎራጉራለች።

«እትዬ፣ ያውቁታል እንዴ?» አልኳቸው ዞሬ።

«ኧረ ቋንቋውን እንኳ አላውቅም። ወንድሜ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቀን ከሌት ይሄው ነበር።»

«እኔም ቃሉን አላውቀውም።»

«አብሽር፣ እዚህ መኪና ውስጥ ማንም አያውቀውም!» ብለው ሳቁ።

እኔም ሴትዮዋም ይኼን ዘፈን አልመረጥነውም። በኔ በኩል ዕዳ ያለበት ደንበኛ፣ በሳቸው በኩል ነጋዴ ወንድም ነው ያመጣው። ጎረቤት ቴፕ ይከፍታል፣ አንተ ሳትፈልግ ትሰማለህ። ሻይ ቤት ትገባለህ፣ ዘፈኑ አብሮ ይቀዳልሃል። አሁን ልጄ ጆሮዋ ላይ ሁለት ነጭ ነገር ሰክታ ትውላለች። የምትሰማውን ራሷ መርጣ ነው የምትጭነው። ጎበዝ ናት፤ ምርጫዋም ከኔ ይሻላል። ግን አንድ ክፍል የሚጋራት ወንድሟ ዘፈኖቿን አያውቃቸውም። ነገ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ተደዋውለው ምን እንደሚያንጎራጉሩ አላውቅም። ይኼ የሽማግሌ ስጋት ሊሆን ይችላል፤ እሺ፣ ይሁን።

ሳትመርጠው መምጣቱ ሁልጊዜ ደግ አይደለም ደግሞ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ብዙ ሰው በዚሁ በሐረጎ መንገድ በእግሩ ወርዷል። አንዲት ጎረቤቴ ያኔ የስልኳ ጥሪ የሠርግ ዘፈን ነበር። ዘመድ ሁሉ «የት ደረሳችሁ?» እያለ ሲደውል፣ እዚያ አቧራ ውስጥ፣ ያ የሠርግ ዘፈን ደጋግሞ ይጮኻል። ዛሬ ሠርግ ቤት ያ ዘፈን ሲነሣ ብድግ ብላ ትወጣለች። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ቅር ይለዋል። ያ ባለማይኩ ልጅ እሷን አስቁሞ ቢሆን ምን ትለው ነበር? እንደኔው «አምባሰል» ብላው የምታልፍ ይመስለኛል።

ለዚህ ነው በየበዓሉ ለምናየው የትዝታ ፕሮግራም ቅሬታ ያለኝ። ልጁ ጥፋት የለበትም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ግን ከመጀመሪያው መልስ በኋላ ቶሎ ባይሄድ ጥሩ ነበር። «እሺ፣ ማን ቤት ነው የሰሙት? ማን ነበር የከፈተው?» ቢለኝ ኖሮ መዋሸቱ ያቅተኝ ነበር። ቅኝቶቹን ኪነት ቡድኖቹም ሬዲዮውም ቀርጸው አቆይተውልናል። ሰኞ ገበያ ውስጥ በሦስት ሱቅ ሦስት ዘፈን ባንዴ ሲጮህ የነበረውን ድምፅ የቀረጸ ግን የለም።

ፕሮግራሙ በእንቁጣጣሽ ተላለፈ። እኔ አላየሁትም። ከምሳ በኋላ እህቴ ከኮምቦልቻ ደወለች። «እንኳን አደረሰህ» እንኳ አላለችኝም።

«አምባሰል? አንተ?»

«ምን ልበል ታዲያ፣ ሰው ፊት?»

ሳቋን ጨርሳ «ጎመን አላት ማሚ» ብላ ጀመረች። ተከተልኳት። ድምጻችንን ከፍ፣ ከፍ አድርገን፣ ፕላስተሩ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ዘለልን።