ታዳጊን ከሜዳ የመጠበቅ ጥበብ

የእግር ኳስ አሰልጣኞች ምስጋና አይወጣላቸውም። ቡድናቸው ሲያሸንፍ ጎል አግቢው ይወደሳል። ሲሸነፍ እነሱ ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግናቸው ተነሥቻለሁ። ብዙዎቻችን እያየን የምናልፈው አንድ ትልቅ ውለታቸው አለብንና። ጎበዝ ልጅን ከኳስ የሚጠብቁበትን ጥበብ ማለቴ ነው።

ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። አንድ የ18 ዓመት ልጅ አለ እንበል። በልምምድ ላይ አምበሉን እንደቆመ ትቶት ያልፋል። ኳሷ እሱ እግር ሥር ስትደርስ በረኛው ጓንቱን ማጥበቅ ይጀምራል። ደጋፊው ስሙን ከአካዳሚ ጀምሮ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ በዓይን እያዩ ልጁን በጨዋታ ቀን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጥ አንጀት ይጠይቃል። እኔና እናንተ ብንሆን ገና በመጀመሪያው ሳምንት እጅ ሰጥተን እናሰልፈው ነበር። አሰልጣኛችን ግን እጅ አይሰጡም። ቡድኑ ይሸነፋል እንጂ እሳቸው አይሸነፉም።

ከጥበባቸው ሁሉ እኔ በጣም የማደንቀው የ89ኛዋን ደቂቃ ቅያሪ ነው። ልጁ ከ55ኛው ደቂቃ ጀምሮ መስመሩ ዳር እያሟሟቀ ነው። እየሮጠ ይሄዳል፣ እየሮጠ ይመለሳል። ይለጠጣል። አንገቱን እያዞረ አሰልጣኙን ያያል። አሰልጣኙ ሰዓታቸውን ያያሉ። በ87ኛው ደቂቃ ይጠራል። ረዳት አሰልጣኙ ታብሌት ዘርግቶ ይጠብቀዋል። በማዕዘን ምት ጊዜ ማንን እንደሚይዝ፣ ኳስ ተጨርፋ ስትመለስ የት እንደሚቆም፣ የተጋጣሚው ግራ ተከላካይ ሲወጣ ከኋላው ማን እንደሚሸፍን ያስረዳዋል። ልጁ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። ማብራሪያው ከሚጫወትበት ጊዜ ይረዝማል። አራተኛው ዳኛ ሰሌዳውን ያነሳል። ልጁ ይገባል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ፊሽካ ይነፋል። ማልያው እንደገባ ንጹሕ ነው። ለሚቀጥለው ጨዋታ ሳይታጠብ ይደርሳል።

የዚህ ቅያሪ ውበቱ በኋላ ነው የሚታየው። መዝገብ ላይ «1 ጨዋታ» ተብሎ ይጻፋል። ዓመቱ ሲያልቅ አሰልጣኛችን ደረታቸውን ነፍተው «ዘንድሮ 14 ጨዋታ ሰጥቼዋለሁ» ይላሉ። ውሸት የለበትም። 14ቱ ቢደመሩ ግን አንድ ሙሉ አጋማሽ አይሞሉም።

ድሮ ሕጉ 3 ቅያሪ ብቻ ሲፈቅድ «ቦታ የለኝም» ማለት ይቻል ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ቅያሪው 5 እንዲሆን ተፈቀደ። በ2022 ደግሞ ሕጉ ውስጥ በቋሚነት ገባ። የዋሆች «አሁን እንግዲህ ልጆቹ ሊጫወቱ ነው» ብለው እጃቸውን አፋተጉ። በ5 ቅያሪ አምስት የ31 ዓመት ሰዎችን ማስገባት እንደሚቻል አልገባቸውም ነበር። ለአሰልጣኛችን ወዲያው ገብቷቸዋል።

ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ደግሞ እዩዋቸው። ጋዜጠኛው «ልጁን ለምን አላሰለፉትም?» ይላል። እሳቸው ፈገግ ይላሉ። የአባት ፈገግታ ነው። «ልዩ ተሰጥኦ አለው። ግን ከጫና ልንጠብቀው ይገባል። ጊዜ ስጡት።» ጊዜውን የያዙት እሳቸው ናቸው። ስጡት የሚሉት እኛን ነው።

«ልምድ ይጎድለዋል» የምትለዋም አለች። ልምድ የሚገኘው በመጫወት ነው። ለመጫወት ደግሞ ልምድ ያስፈልጋል። ልጁ በዚህ መሐል ልምዱን ከየት እንደሚያመጣው የራሱ ጉዳይ ነው። ተበድሮ ይሆናል። ከዚያ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይከተላል። አባባሉ ልክ ነው። ብቻ እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ስለታቀፈችው ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ እንቁላል በትዕግሥት ብዛት እግር አውጥቶ አያውቅም።

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። አሰልጣኛችን ጥሬዋን በመልቀም የተካኑ ናቸው። ልጁ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰው አልፎ ለጎል የሚሆን ኳስ አቀበለ፣ አንድ ኳስ ደግሞ ተነጠቀ። ጨዋታው በማግስቱ ሲገመገም በቪዲዮ የሚታየው የተነጠቀው ነው። አራት ጊዜ ይመለሳል። በዝግታም ይታያል። የ33 ዓመቱ ተከላካይ ለተጋጣሚ አጥቂ ያቀበላት ኳስ ግን «የጨዋታ ባሕርይ» ተብላ ታልፋለች።

ምቀኞች ለዚህም ምክንያት አያጡም። አንጋፋ ተጫዋች ሲሳሳት የሚወቀሰው ተጫዋቹ ነው ይላሉ። ልጅ ሲሳሳት ግን የሚወቀሰው ያሰለፈው ሰው ነው። ልጁ ለመብሰል ሦስት ዓመት ይፈልጋል። አሰልጣኙ ደግሞ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፉ ይባረራሉ። ስለዚህ የሚጠብቁት ልጁን ሳይሆን ወንበራቸውን ነው ይሉናል። ይህ ስም ማጥፋት ነው። ሰውዬው ወንበር ይወዳሉ። ስለሚወዱም ለልጁ አካፈሉት።

ችኩል አሰልጣኞች ያደረሱትን ጥፋት ማስታወስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የብራዚሉ አሰልጣኝ ቪሴንቴ ፌዮላ የ17 ዓመቱን ፔሌን ይዘው ለዓለም ዋንጫ ስዊድን ሄዱ። ያውም ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር። የቡድኑ የሥነ ልቦና ባለሙያ ልጁ ገና ልጅ ነው፣ የትግል መንፈስ ይጎድለዋል ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። አልሰሙም። በሦስተኛው ጨዋታ ከሶቪየት ኅብረት ጋር አሰለፉት። ምስኪኑ ልጅ ዌልስ ላይ 1፣ ፈረንሳይ ላይ 3፣ በፍጻሜው ስዊድን ላይ 2 ጎል ለማግባት ተገደደ። ከዚያም ቆሞ አለቀሰ። ይኸው፣ ጫናው ነው።

የሆላንዱ ክለብ አያክስ አሰልጣኝ ሉዊ ቫን ኻልም ከዚህ አልተማሩም። በ1995 የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ ከሚላን ጋር ሲጫወቱ የ18 ዓመቱን ክላይቨርትን ቀይረው አስገቡ። ልጁ በ85ኛው ደቂቃ አገባና ዋንጫው የአያክስ ሆነ። ላሚን ያማል ደግሞ በ15 ዓመቱ ለባርሴሎና ተሰለፈ። ጭራሽ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ የቤት ሥራውን ይዞ ከስፔን ቡድን ጋር ጀርመን ሄደ። በግማሽ ፍጻሜው ፈረንሳይ ላይ አገባ። በፍጻሜው ዋዜማ 17 ዓመት ሞላው። ሻማውን በቅጡ ሳያጠፋ ሻምፒዮን አደረጉት። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?

በትክክል የተጠበቀ ልጅ ማየት የሚፈልግ ወደ 2006 ይመለስ። የእንግሊዙ አሰልጣኝ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን የ17 ዓመቱን ቴዎ ዋልኮትን ለዓለም ዋንጫ መረጡ። ልጁ በዚያን ጊዜ በፕሪሚየር ሊግ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም ነበር። የተመረጡት አጥቂዎች አራት ብቻ ናቸው። ከአራቱ ሩኒ ከእግር ስብራት ገና ማገገሙ ነበር። ኦውን ከስዊድን ጋር በተደረገው ጨዋታ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ። እንግዲህ ደካማ አሰልጣኝ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ኤሪክሰን አልተፈተኑም። እንግሊዝ በሩብ ፍጻሜ በፖርቱጋል እስክትሰናበት ድረስ ልጁን አንዲት ደቂቃ አላስነኩትም። ጥበቃው ከመጠናከሩ የተነሣ ዋልኮት ከዚያ በኋላም በዓለም ዋንጫ ተጫውቶ አያውቅም። በ2010 አልተመረጠም፣ በ2014 ተጎድቶ ቀረ። እስከ ዛሬ ከዓለም ዋንጫ ጫና ነጻ ነው።

አንዳንዱ አሰልጣኝ ደግሞ ጥበቡ የሚገባው ዘግይቶ ነው። በ1995 የውድድር ዘመን መክፈቻ ማንቸስተር ዩናይትድ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍ፣ ተንታኙ አለን ሃንሰን በቴሌቪዥን ወጥቶ በልጆች ምንም ማሸነፍ አይቻልም አለ። የዩናይትድ አሰልጣኝ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን አልሰሙትም። ቤካምን፣ ስኮልስን፣ ኒኪ በትንና ሁለቱን የኔቪል ወንድማማቾች እያሰለፉ በዚያው ዓመት ሊጉንም ኤፍ ኤ ካፑንም ወሰዱ። ያኔ ወጣት ነበሩ እንበል፣ 53 ዓመታቸው ነበር። በ2011 የመጨረሻ ቀን ግን፣ ልክ 70 ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ ማስተዋል መጣ። ከብላክበርን ጋር ሲጫወቱ አማካዮቻቸው ተጎድተው አልቀዋል። ፖል ፖግባ የሚባል የ18 ዓመት አማካይ አለ። ሰር አሌክስ የቀኝ ተከላካዩን ራፋኤልን መሐል ሜዳ ላይ አቆሙት። 3 ለ 2 ተሸነፉ፣ ልጁ ግን ተረፈ። ደቂቃ ያጣው ፖግባ በ2012 ወደ ዩቬንቱስ ሄደ። በ2016 ክለቡ በ89 ሚሊዮን ፓውንድ መልሶ ገዛው። የራስን ልጅ በዓለም ሪከርድ ዋጋ መግዛት የጥበቃው ክፍያ ነው። ጥበቃ ደግሞ ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

እዚህ ላይ አሰልጣኞች ሁሉ በኪሳቸው ይዘዋት የሚዞሩትን ምሳሌ መዝለል ነውር ይሆናል። በ1978 ሴሳር ሉዊስ ሜኖቲ የ17 ዓመቱን ማራዶናን ትተው አርጀንቲናን የዓለም ሻምፒዮን አደረጉ። እውነት ነው። «አያችሁ?» ይሉናል። ተረኩ ግን እዚህ ላይ ይቆረጣል። እኚሁ ሜኖቲ በዓመቱ ልጁን ጃፓን ወስደው የወጣቶች ዓለም ዋንጫን ሲያሸንፉ፣ ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጠው አልነበረም ያሸነፉት። ይህ ክፍል የተሰብሳቢውን ሐሳብ ስለሚበትን አይነሳም።

በሌላ በኩል አሰልጣኞቻችን ቆጥቋጣዎች ናቸው የሚል ካለ የስፔኑን አማካይ ፔድሪን ይጠይቅ። በ2020/21 ልጁ 18 ዓመቱ ነበር። ለባርሴሎናና ለስፔን ከ70 በላይ ጨዋታ አደረገ። በዚያው በጋ የአውሮፓ ዋንጫን ጨርሶ ጥቂት ቀን አርፎ ወደ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ተላከ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን የጭኑ ጡንቻ ደጋግሞ ከዳው። «ሰውነቱ ገና አልጠነከረም» ተባለ። የተወቀሰው ሰውነቱ ነው እንጂ ያሰለፈው ሰው አይደለም። ለልጅ የሚሰጠው ወይ ዜሮ ወይ ሰባ ነው። መሐሉን ማስላት የአሰልጣኝ ሥራ ሳይሆን የሒሳብ አስተማሪ ሥራ ነው።

ውሰትንም ላንሳ። በቂ ወንበር ከሌለ ልጁ ወደ ሌላ ክለብ ወንበር ይላካል። ቼልሲ በዚህ የተዋጣለት ነበር። በአንድ የውድድር ዘመን ከ30 በላይ ተጫዋቾችን በውሰት የበተነበት ጊዜ አለ። ደ ብሩይነና ሳላህም በዚያ በር አልፈዋል፣ በር ላይ ያያቸው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱም ተሸጡ። ሳላህ በ2017/18 ለሊቨርፑል 32 የሊግ ጎል ሲያገባ፣ የሸጠው ክለብ ደጋፊዎች በቴሌቪዥን በነጻ አዩት። ፊፋ በ2022 የውሰት ቁጥርን መገደብ ጀመረ። ገደቡ ግን ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸውን እስከ 21 ዓመት ያሉ ተጫዋቾች አይመለከትም። ማለትም ልጆቹን አይመለከትም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ልብ ያላቸው ናቸው።

የታዳጊ ቡድን አሰልጣኞችም ምስጋናው ይድረሳቸው፣ መሠረቱን የሚጥሉት እነሱ ናቸውና። ከ12 ዓመት በታች ውድድር ላይ በፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ በጥር የተወለደና ጢም ሊያበቅል የደረሰ ልጅ ካለ፣ በዓመቱ መጨረሻ ኅዳር ላይ የተወለደውን ቀጭን ኳስ አዋቂ ምን ያደርጉታል? ዋንጫው የዛሬ ነው፣ ቀጭኑ የነገ ነው። ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ ትንሽ ነህ ብሎ ሸኘው። ግሪዝማንን የፈረንሳይ አካዳሚዎች ቁመቱን እየለኩ መለሱት፣ ስፔን ሄዶ አደገ። አንዱ የፕሪሚየር ሊግ፣ ሌላው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። የመለኪያ ሜትሩ ግን እስካሁን ሥራ ላይ ነው።

አሁን ወደ አሰልጣኛችን ልመለስ። የውድድር ዘመኑ አጋማሽ ላይ ውጤት ይጠፋል። እሳቸው ይሰናበታሉ። በጊዜያዊነት የሚተኩት ከ21 ዓመት በታች ያለው ቡድን አሰልጣኝ ናቸው። የዋናው ቡድን ግማሽ ተጎድቷል፣ ሌላው ግማሽ ተኳርፏል። ሰውዬው ምርጫ ስላጡ ልጁን ከመጀመሪያው ደቂቃ ያሰልፉታል። ሁለት ጎል ያገባል። በዚያው ምሽት የቀድሞው አሰልጣኛችን አዲስ ክራቫት አስረው የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ውስጥ በተንታኝነት ተቀምጠዋል። «ይህን ልጅ ያበሰልኩት እኔ ነኝ» ይላሉ።

«ታዲያ ለምን አያሰልፉትም ነበር?» ይላቸዋል አቅራቢው።

«ላሰልፈው ነበር እኮ። ክለቡ ጊዜ አልሰጠኝም።»